አሥረኛዋ ጣትና ግማሽ ላይ የቆመው ባንዲራ

ቁጭ በሉ። ሁላችሁም ተቀመጣችሁ? ይሄ የቆሙ ሰዎች ተረት ነው፤ ቆሞ የሚሰማው ሰው እግሩ ይደነዝዝና ኋላ እኔን ይወቅሳል። «እሺ» በሉኝና ልጀምር። አልሰማኋችሁም። እንዲያ ነው እንጂ።

ዋንዛ በር የምትባል ከተማ ነበረች። ካርታ ላይ አትፈልጓት፤ እኔ ኖሬባታለሁ፣ ይበቃል። በዚያች ከተማ ይታይሽ የምትባል ሴት ነበረች፤ አንዲት ነገር ብቻ ፈለገች። ወርቅ አልፈለገችም፣ ፎቅ አልፈለገችም። የእጇን ትንሿን ጣት አንድ ወረቀት ላይ ማሳረፍ ፈለገች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ለምን? በሉኝ እንጂ። ጎረቤቷ ጠጅቱ ከሁለት ሳምንት በፊት ሞታባታለች። ጠጅቱ ትርንጎ የምትባል የአራት ዓመት ልጅ ነበረቻት፤ ልጅቷ ዘመድ የሚባል የላትም። ጸጉሯን የምትሠራት ይታይሽ ነበረች፣ ስታስነጥስ «ይማርሽ» የምትላት ይታይሽ ነበረች፣ እናቷ ሥራ ስትውል የምታበላት ይታይሽ ነበረች። እኔ ላሳድጋት ብላ የሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ሄደች። ቢሮው ክፉ አልተናገራትም። ልጅ እንዲሁ ለማንም አይሰጥም፣ ከወንጀል ነፃ መሆንሽን የሚያሳይ ወረቀት ከፖሊስ አምጪ አላት። ዓርብ ጠዋት ሕፃናቱን የሚወስደው መኪና ከከተማው ሳይወጣ ካመጣሽ ልጅቷ ያንቺ ናት፤ ካላመጣሽ ሩቅ አገር ማሳደጊያ ትገባለች፣ አንዴ ከገባች እሷን ማስመለስ የዓመታት ደብዳቤ ነው አላት። ይታይሽ የዚያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

ፖሊሶቹም አጣሩ። አሥር ቀን ሙሉ አጣሩ። የቀበሌ መዝገብ ገለጡ፣ ጎረቤት ጠየቁ፣ ቦኖ ውሃ ላይ የሚሰለፉትን ሴቶች ሳይቀር ጠየቁ። የተገኘባት ነገር ቢኖር፣ አንድ በጋ ላይ ወረፋ የቀማቻትን ሴት «ዓይንሽ ይፍሰስ» ብላለች የሚል ነው። የተሰደበችው ሴት ራሷ ጣቢያ ድረስ መጥታ ጥፋቱ የእኔ ነበር ብላ ፈረመች። ዓይኗም አልፈሰሰም፣ ደህና ነች።

የቀረው አሻራ ብቻ ሆነ። ዓርብ ጠዋት አሻራ የሚያነሳው ሃምሳ አለቃ ኩራባቸው ለእሷ ሲል መስኮቱን ቀድሞ ከፈተ። ቀለሙን መስታወት ላይ ለቀለቀ። አውራ ጣቷን ነከረ፣ ተጫነ። ሌባ ጣቷን ነከረ፣ ተጫነ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠኝ ጣት ታተመ። አሥረኛዋ ትንሿ ጣት ቀለሙን ነካች፣ ሃምሳ አለቃው ያዛት፣ ወረቀቱ ላይ ልትደርስ ስንዝር ቀራት። ይሄኔ ፊሽካው ተነፋ።

የፊሽካውን ነገር ልንገራችሁ። በዋንዛ በር ጠዋት ሁለት ተኩል ሲሆን አደባባዩ ላይ ባንዲራ ይወጣል። ባንዲራው ተነስቶ ጫፍ እስኪደርስ ሰው ሁሉ ባለበት ይቆማል። ባጃጅ ይቆማል፣ ጋሪ ይቆማል፣ ከንቲባም ይቆማል። መንቀሳቀስ የተፈቀደለት ለባንዲራው የሚሠራ ሰው ብቻ ነው። ሌላው ንቅንቅ ካለ ስሙ ይጻፋል፤ ስሙ የተጻፈ ሰው ደግሞ ከወንጀል ነፃ የሚለውን ወረቀት ለሦስት ዓመት አያገኝም። ሕጉን ማን እንዳወጣው አትጠይቁኝ፤ እኛም ጠይቀን አናውቅም፣ ደግሞም ደስ ይለን ነበር። በቀን አንዴ ከተማው ሁሉ ዝም ሲል ደስ ይላል።

እኔ የት ነበርኩ? ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ፣ ወንበር ላይ፣ ግማሽ ጢሜ ተላጭቶ። ፊሽካው ሲነፋ ተነስቼ ቆምኩ። ፀጉር አስተካካዩም ምላጩን በአየር ላይ እንደያዘ ቆመ። ከፖሊስ ጣቢያው መስኮት ሥር ጥላ የያዘች ሴት ቆመች። ባለባጃጁ አንድ እግሩን መሬት ላይ አድርጎ ቀረ። ከሕፃናት ጉዳይ የወጣው ነጭ መኪናም አደባባዩ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። መኪናው ውስጥ ማን ነበረች? ትርንጎ ነበረቻ። አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ይታይሽን ታያለች። ይታይሽም በመስኮት እሷን ታያለች። በመሃላቸው ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው።

ባንዲራው ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣና ግማሽ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ትንሽ ጠበቅን። ደመና አለፈ። አንዲት አህያ ብቻዋን አደባባዩን አቋርጣ ሄደች፤ እሷ አዋጅ አልተነበበላትም። ነፋስ የለ፣ ድምፅ የለ። እንደ እንቅልፍ ያለ ነገር ከተማው ላይ ወረደ፣ ግን ሁላችንም ዓይናችን ክፍት ነው።

ይታይሽ ከንፈሯን ብቻ አነቃንቃ ሃምሳ አለቃውን ለመነችው። ስንዝር ናት፣ ጫን ብቻ አርጋት አለችው። ሃምሳ አለቃው ዓይኑን ከባንዲራው ሳይነቅል እንዲህ አላት፦

«እህቴ፣ ሕግ አፍርሼ ላሳትምሽና ሕግ አክባሪ ናት ብዬ ልጻፍ? ወረቀቱ ራሱ ይታዘበናል።»

ጥሩ ሰው ነበር፤ እጁ ግን ንቅንቅ አላለም። እንግዲህ ምን ታድርግ? መሄድ አትችል። ስለዚህ ጥላ ለያዘችው ሴት በሹክሹክታ ነገረቻት፣ ሴትየዋ ለባለባጃጁ ነገረች፣ ባለባጃጁ ለእኔ ነገረኝ፣ እኔ ለፀጉር አስተካካዩ፣ እሱ ለሚቀጥለው፤ ቃሉ እየተቀባበለ ምሰሶው ሥር ደረሰ። «ይታይሽ ጣቷ እንድታርፍ ፈለገች። ጣት አታርፍም፣ ሃምሳ አለቃው ቆሟል። ሃምሳ አለቃው አያሳትምም፣ ባንዲራው አልደረሰም። ባንዲራ ሆይ፣ ለምን አትወጣም?»

ባንዲራ ይናገራል ወይ እንዳትሉኝ። ሁሉ ነገር ሲቆም የማይናገር ነገር የለም፤ እናንተ ቆማችሁ ስለማታውቁ ነው። ባንዲራው በለስላሳ ድምፅ መለሰ። እኔም መውጣት እፈልጋለሁ አለ። ከላይ ሆኜ ወንዙን ማየት ለምጃለሁ፣ እዚህ ግማሽ ላይ የሚታየኝ የቆርቆሮ ጣሪያ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ገመዱ አልሳብ ብሎኛል አለ።

መልሱ ወደ ይታይሽ ተመለሰ፤ ጥያቄው ደግሞ ወደ ገመዱ ሄደ። «ይታይሽ ጣቷ እንድታርፍ ፈለገች። ጣት አታርፍም፣ ሃምሳ አለቃው ቆሟል። ሃምሳ አለቃው አያሳትምም፣ ባንዲራው አልደረሰም። ባንዲራው አይወጣም፣ ገመዱ አይሳብም። ገመድ ሆይ፣ ለምን አትሳብም?» ገመዱ ነጭናጫ ነው፣ የሚሳብ ነገር ሁሉ ነጭናጫ ነው። እኔን አትውቀሱኝ አለ። ጋሽ አንለይ እጁ እስኪላጥ እየሳበኝ ነው። እውነትም ባንዲራ ሰቃዩ ጋሽ አንለይ ታች ሆነው ላባቸው ይንጠባጠባል። ገመዱ ቀጠለና፣ እላይ ያለው መዘውር ነው አልዞርም ያለው፣ እሱን ጠይቁት አለ።

ትርንጎ መስታወቱ ላይ በትንፋሿ ጉም ሠራች። ከጉሙ ኋላ ጠፋች፣ መልሳ ታየች። ይታይሽ ጣቷ ላይ ያለው ቀለም እንዳይደርቅ ፈራች።

ቃሉ እንደገና ወጣ። አፍ ለአፍ፣ ቀስ እያለ። «ይታይሽ ጣቷ እንድታርፍ ፈለገች። ጣት አታርፍም፣ ሃምሳ አለቃው ቆሟል። ሃምሳ አለቃው አያሳትምም፣ ባንዲራው አልደረሰም። ባንዲራው አይወጣም፣ ገመዱ አይሳብም። ገመዱ አይሳብም፣ መዘውሩ አይዞርም። መዘውር ሆይ፣ ለምን አትዞርም?» መዘውሩ ድምፁ የዛገ ነው። ሰባት ክረምት ዝናብ ጠጣሁ አለ፣ አንድ ቀን ዘይት አልጠጣሁም። ባንዲራውን በየዓመቱ ታድሳላችሁ፣ ገመዱን ትለውጣላችሁ፣ እኔን ቀና ብሎ ያየኝ አለ? ዘይት ካልሰጣችሁኝ አልዞርም። ይሄን ስሰማ እኔ በበኩሌ እውነቱን ነው አልኩ። ፀጉር አስተካካዩም ቢሆን ጭንቅላቱን መነቅነቅ ፈልጎ ነበር፣ ሕጉ ከለከለው እንጂ።

ዘይቱ የት ነው? ከንቲባ ጽሕፈት ቤቱ ግምጃ ቤት ውስጥ፣ በጣሳ። ቃሉ ወደዚያ ሄደ። «ይታይሽ ጣቷ እንድታርፍ ፈለገች። ጣት አታርፍም፣ ሃምሳ አለቃው ቆሟል። ሃምሳ አለቃው አያሳትምም፣ ባንዲራው አልደረሰም። ባንዲራው አይወጣም፣ ገመዱ አይሳብም። ገመዱ አይሳብም፣ መዘውሩ አይዞርም። መዘውሩ አይዞርም፣ ዘይት አልጠጣም። ዘይት ሆይ፣ ለምን አትመጣም?» ዘይቱ ከጣሳው ውስጥ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ እየተጎተተ መለሰ። እኔስ መፍሰስ እንጂ ሌላ ምን ሥራ አለኝ? ፋናዬ ቆልፋብኛለች አለ።

ፋናዬ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ናት። ቁልፉን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። እሷ ለባንዲራው የምትሠራ ከሆነ መንቀሳቀስ ትችላለች፣ ሕጉ ይፈቅዳል። ግን ፋናዬ እንዲህ በቀላሉ የምትንቀሳቀስ ሴት አይደለችም። ያለ ፊርማ ከግምጃ ቤቷ ምስማር አይወጣም። «ይታይሽ ጣቷ እንድታርፍ ፈለገች» አሏት። «ጣት አታርፍም፣ ሃምሳ አለቃው ቆሟል። ሃምሳ አለቃው አያሳትምም፣ ባንዲራው አልደረሰም። ባንዲራው አይወጣም፣ ገመዱ አይሳብም። ገመዱ አይሳብም፣ መዘውሩ አይዞርም። መዘውሩ አይዞርም፣ ዘይት አልጠጣም። ዘይቱ አይመጣም፣ ፋናዬ ቆልፋለች። እመት ፋናዬ፣ ለምን አትከፍቺም?» ፋናዬ ሞዴል ሃያ ሁለት ተሞልቶ፣ ከንቲባው ፈርመውበት ይምጣልኝ፣ እኔ ለመክፈት አልሰነፍኩም አለች። ደግሞ ቅጹን ሞልታ ይዛዋለች! ማን አዘጋጀው ብትሉ፣ እንጃ፤ ፋናዬ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሞዴል ሃያ ሁለት አለ።

ይሄኔ ስንት ሰዓት እንደሆነ አላውቅም። ፀሐይ ራሷ ዓይኗን ከባንዲራው ሳትነቅል የቆመች መሰለኝ። ጥላችን አላጠረም፣ አልረዘመም። ሰው ቆሞ ህልም ያያል? እኔ አየሁ። ባንዲራው እንደ ጀልባ፣ እኛ ደግሞ ዳር ቆመን እንደምንጠብቅ ሆኖ ታየኝ። መኪናው ውስጥ ያለችውን ልጅ ሳይ ግን ነቃሁ። አንድ ነገር ገባኝ። ባንዲራው ካልወጣ ጣቷ አታርፍም። ባንዲራው ከወጣ ደግሞ መኪናው ይሄዳል። ጣት ለማሳረፍ፣ ማኅተም ለመምታት፣ ፊርማ ለመፈረም ጊዜ ይፈልጋል፤ መኪና ለመንቀሳቀስ ግን ምን ይፈልጋል? ይታይሽም ገብቷታል። ፊቷ ላይ አየሁት። ይውጣም ማለት፣ አይውጣም ማለት አቃታት።

ቃሉ ግን አንዴ ተነስቷል፣ ከንቲባው ጋ ደረሰ። ከንቲባው የጽሕፈት ቤታቸው ደረጃ ላይ ናቸው፣ ብዕር በእጃቸው። «ይታይሽ ጣቷ እንድታርፍ ፈለገች። ጣት አታርፍም፣ ሃምሳ አለቃው ቆሟል። ሃምሳ አለቃው አያሳትምም፣ ባንዲራው አልደረሰም። ባንዲራው አይወጣም፣ ገመዱ አይሳብም። ገመዱ አይሳብም፣ መዘውሩ አይዞርም። መዘውሩ አይዞርም፣ ዘይት አልጠጣም። ዘይቱ አይመጣም፣ ፋናዬ ቆልፋለች። ፋናዬ አትከፍትም፣ ፊርማ አላየችም። ክቡር ከንቲባ፣ ለምን አይፈርሙም?»

ከንቲባው፣ እናንተ ምን ቸገራችሁ አሉ። ባንዲራ ግማሽ ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሐዘን ነው፣ ትልቅ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ማን እንደሞተ አልሰማሁም፣ ደብዳቤም አልደረሰኝም። በሐዘን ቀን ባንዲራ አውጣ ብዬ ብፈርም ነገ ማን ይጠየቃል? እኔ። የሞተው ማን እንደሆነ ንገሩኝና ልፈርም።

ጸሐፊያቸው፣ ሐዘን ቢሆን ኖሮ ባንዲራው መጀመሪያ ጫፍ ደርሶ ከዚያ ነበር ወደ ግማሽ የሚወርደው፣ መመሪያው እንደዚያ ይላል አላቸው። ከንቲባው ግን ፈርተዋል፤ የፈራ ሰው መመሪያ አይሰማም። ሰዉም ነገሩን አመነ። አያችሁ የእኛን ነገር? የዛገ ብረት ነው ያቆመው፣ እኛ ግን ሬሳ ፍለጋ ገባን። «ማን ሞተ?» የሚለው ቃል ከደረጃው ወረደ። ማን ሞተ? ሹም ሞተ? አልሞተም። ጄኔራል ሞተ? እንጃ። ጳጳስ ሞተ? አልተባለም። ባለሀብት ሞተ? ቢሞት ለቅሶው ይሰማ ነበር። ፋናዬ አላወቀችም፣ ጋሽ አንለይ አላወቁም፣ ፀጉር አስተካካዩ አላወቀም፣ እኔም አላውቅም አልኩና አሳለፍኩ። ባለባጃጁ አሳለፈ፣ ባለጥላዋ አሳለፈች። ቃሉ ይታይሽ ጋ ደረሰ፤ ከእሷ ወዲያ የሚያሳልፉለት ሰው አልነበረም።

ይታይሽ በሹክሹክታ አይደለም፣ አደባባዩ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች።

«ጠጅቱ ሞታለች። የቆማችሁበትን ድንጋይ ጠርባ ያነጠፈችው ጠጅቱ። ስንቀብራት አሥራ አንድ ሰው ነበርን።»

አንገታችንን ማጎንበስ ስለማንችል ዓይናችንን ብቻ ወደ እግራችን ጣልነው። አደባባዩ ኮብል ነው፤ ድንጋይ ከድንጋይ ጋር እንደተጠጋ፣ አንዱም አይነቃነቅም። አዎ፣ ሴቶች ነበሩ ያነጠፉት። ከመካከላቸው አንዷ ልጅ አዝላ መዶሻ ታነሳ ነበር። አየኋት፣ ስንት ጊዜ ዘልዬያት አለፍኩ። ስሟን ግን አልጠየቅኩም። በጣም አፈርኩ።

ድምፁ ከንቲባው ጋ እንደሚገባ አልደረሰም፤ ስለዚህ እንደገና አፍ ለአፍ ሄደ። ጠጅቱ ሞታለች። ከንቲባው፣ ጠጅቱ ማን ናት፣ የየትኛው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናት ብለው አስጠየቁ። የማንም ኃላፊ አይደለችም፣ ድንጋይ አንጣፊ ናት ተባሉ። ከንቲባው እፎይ አሉ። ከልባቸው እፎይ አሉ፤ ክፉ ሰው ስለሆኑ አይደለም፣ ስለቀለላቸው ነው።

«ለእሷማ ከሆነ ምን አለበት፣ ይውጣ» አሉ። ፋናዬ ለባንዲራው ነው ብላ ደረጃው ድረስ በዘረጋችላቸው ቅጽ ላይ ፈረሙም።

ይህ ቃል ነው ወደ ታች የመጣው። ፋናዬ ተቀበለችው፣ ጋሽ አንለይ ተቀበሉት፣ ፀጉር አስተካካዩ ለእኔ ሰጠኝ። ለእሷማ ከሆነ ይውጣ። እኔም በዚህ አፌ ለባለባጃጁ አሳለፍኩት። ከአፌ ሲወጣ ድምፄ አነሰብኝ። የባለባጃጁም አነሰ። ጥላ የያዘችው ሴት ጋ ሲደርስ አልቀጠለም፤ ሴትየዋ ወደ ይታይሽ አላሳለፈችውም፣ ዋጠችው። ይታይሽ ግን ከፊታችን አነበበችው።

ከዚያማ ነገር ፈጠነ። ከንቲባው ፈረሙ፣ ፋናዬ ከፈተች። ፋናዬ ከፈተች፣ ዘይቱ መጣ፣ መሰላሉም አብሮ መጣ። ጋሽ አንለይ ወጡ፣ መዘውሩ ጠጣ። መዘውሩ ጠጣ፣ ዞረ። መዘውሩ ዞረ፣ ገመዱ ተሳበ። ገመዱ ተሳበ፣ ባንዲራው ወጣ። አረንጓዴው፣ ቢጫው፣ ቀዩ፣ ቀስ እያለ፣ እየተንሳፈፈ ጫፍ ደረሰ። ወንዙን ያየ ይመስለኛል። ፊሽካው ተነፋ።

የነጩ መኪና ሞተር ተነሳ።

እንግዲህ ፊሽካ ተነፍቷል፣ ሂዱ ተብለናል። እግሬን ላነሳ ነበር። አላነሳሁም። የማንን ድንጋይ ረግጬ እንደምሄድ አውቄያለሁና እግሬ እምቢ አለኝ። ቀና ስል ባለባጃጁም አልሄደም። ባለጥላዋ አልሄደችም። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አላወረደም። ፋናዬ፣ ጋሽ አንለይ፣ መንገዱን የሞላው ሰው ሁሉ፣ አንድም አልተነቃነቀም። ማንም «እንቁም» አላለም፣ እምላለሁ። ባንዲራው ሲወጣ መቆም ሕግ ነው፤ ከወጣ በኋላ መቆምን የሚከለክል ሕግ ደግሞ የለም።

ሾፌሩ ጡሩንባ ነፋ። አንዴ ነፋ፣ ሁለቴ ነፋ። ከዚያ አንገቱን በመስኮት አወጣና ምን ሆናችሁ፣ መንገዴ ሩቅ ነው አለ። መልሱን ከአጠገቡ የቆመ ሰው ነገረው፣ ከዚያ ሌላው ነገረው፣ ከዚያ ሁላችንም አልን፣ ድምፃችንን ከፍ ሳናደርግ። «መኪናው አያልፍም፣ ሰው ቆሟል። ሰው አይነቃነቅም፣ ጣቷ አላረፈችም።»

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

ያኔ ከከተማው ሁሉ አንድ ሰው ብቻ ተንቀሳቀሰ። ሃምሳ አለቃ ኩራባቸው። ቀለሙ ደርቆ ነበርና ትንሿን ጣት እንደገና ነከራት፣ ስንዝሯን ተሻገረ፣ ወረቀቱ ላይ አሳረፋት። ጫን አደረጋት። አሥር። ፊርማውን ፈረመ፣ ማኅተሙን መታ። ማኅተሙ ሲመታ ድምፁ ደረጃው ድረስ ተሰማ። ከንቲባው ለምን አትሄዱም ብለው አስጠይቀው ነበር፤ መልሱ አፍ ለአፍ ሄዶ የደረሳቸው ያኔ ነው። ምን እንደተባሉ እኔ አልሰማሁም፣ ሩቅ ነኝ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ከእኛ ጋር ሲቆሙ ግን አየሁ። በዚህ ይቅር ብያቸዋለሁ፤ እኔም የዚያን ቀን ይቅርታ የምፈልግ ሰው ነበርኩ።

ይታይሽ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። በቆመ ሰው መሃል፣ በጠጅቱ ድንጋይ ላይ፣ ቀስ ብላ ሄደች። አልሮጠችም፤ የሚቀድማት አልነበረም። መኪናው ውስጥ ያለችው የሕፃናት ጉዳይ ሴትዮ ወረቀቱን ተቀበለች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረች፣ አሥር ሲሞሉላት ዓይኗን ጠረገችና በሩን ከፈተች። ትርንጎ ወረደች።

ልጅቷ ይታይሽን አላቀፈቻትም። መጀመሪያ እጇን ያዘች፣ ገለበጠች፣ የጠቆሩትን ጣቶች አየች።

«እጅሽ ቆሽሿል» አለቻት።

«ቆሽሿል» አለች ይታይሽ፣ «ቤታችን ሄደን እንታጠባለን።»

እኔ ያቀበሉኝን ይኸው አሳለፍኩ፤ ከዚህ ወዲያ የእናንተ ነው። ተነሱ አሁን፣ እግራችሁን አፍታቱ።